ጡረታችንን በሃምሳ ዓመታችን ንገሩን

ለመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር
ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ
ለኢትዮጵያ ኅብረት ሥራ ኮሚሽን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ዕዳ ያለበት ሠራተኛ የጡረታ አበሉን አስቀድሞ እንዲያውቅና የብድር ውሉም በዚያው ልክ እንዲሆን ስለመጠየቅ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ ከአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ ከቆሰበር ነው። በዚህ ዞን በመንግሥት ሥራ ከሃያ ስምንት ዓመት በላይ አገልግያለሁ፤ ዕድሜዬ ሃምሳ ሁለት ነው፤ ጡረታ ለመውጣት ስምንት ዓመት ይቀረኛል። ዕዳ አለብኝ። ዕዳው ከቤት ሥራና ከልጆች ትምህርት የመጣ ነው። በየወሩ ከደመወዜ እየተቆረጠ ይከፈላል፤ ስረዛም ምሕረትም አልለምንም። ልመናዬ ሌላ ነው፤ ስድሳ ዓመት ሲሞላኝ በእጄ የሚገባው ገንዘብ ስንት እንደሆነ ዛሬ በጽሑፍ ይነገረኝ፤ የሚያበድረኝም ድርጅት ያንን ቁጥር አይቶ ያበድረኝ።

የጡረታ አዋጁ ታትሞ የወጣ ነው፣ ስሌቱም የተሰወረ አይደለም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ቢያንስ አሥር ዓመት አገልግሎ በስድሳ ዓመቱ የሚወጣ ሠራተኛ፣ ከመውጣቱ በፊት በነበሩት ሦስት ዓመታት ይከፈለው ከነበረው አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይታሰብለታል፤ ከአሥር ዓመት በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመርለታል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ ያገኛል። ጣሪያውን ለመንካት አርባ ሁለት ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፤ ይህ ማለት በአሥራ ስምንት ዓመቱ ተቀጥሮ ምንም ሳያቋርጥ ስድሳ የደረሰ ሰው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው በምሠራበት ቢሮ አላውቅም። ብዙዎቻችን ተምረን፣ ሥራ ፈልገን፣ በሃያዎቹ አጋማሽ የተቀጠርን ነን።

ይሁንና በአዋጅ የተጻፈ ቀመርና በሰው ኑሮ ላይ የሚያርፍ ብር የተለያዩ ናቸው። በዙሪያዬ ያሉ ባልደረቦቼ ጡረታቸውን የሚገምቱት አሁን ከሚያገኙት ደመወዝ ተነሥተው ነው። «ግማሹን አላጣም» ይላሉ። ምን ያህል እንደሚሳሳቱ በምሳሌ ላሳይ፤ ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አቅልያቸዋለሁ።

ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ መሻሻሉ ይታወቃል። ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ የሚቀጠር ሰው መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው የሚመሰገን ነው፤ ብዙ ቤት አስተንፍሷል። አሁን ሠላሳ ዓመት ያገለገለ አንድ ሠራተኛ እናስብ። ከመውጣቱ በፊት ለሠላሳ ወር 10,000 ብር፣ ከጭማሪው በኋላ ለስድስት ወር 16,000 ብር ተከፍሎታል። የሠላሳ ስድስቱ ወር አማካይ 11,000 ብር ይሆናል። የዚህ 55 በመቶ 6,050 ብር ነው። ትናንት 16,000 ብር ይፈርም የነበረ ሰው በሚቀጥለው ወር 6,050 ብር ይቀበላል፤ የደመወዙን ግማሽ ሳይሆን ከአምስት ሁለት እጅ በታች ማለት ነው። ይህ ሰው የሠራው ጥፋት የለም። የጉዳቱ ምንጭ የመውጫ ቀኑ ከጭማሪው ጋር መቀራረቡ ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ዘግይቶ ቢወለድ ኖሮ በዚያው ደመወዝና በዚያው የአገልግሎት ዘመን 8,800 ብር ያገኝ ነበር።

የሦስት ዓመት አማካይ፣ ዋጋ በተረጋጋበት ዘመን ትክክለኛ መለኪያ ነው። የእኛ ዘመን ግን እንዲህ አይደለም፤ ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በአጭር ጊዜ ከመቶ ብር በላይ ወጥቷል። ሲሚንቶውም፣ ቆርቆሮውም፣ ዘይቱም አብሮ ወጣ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሦስት ዓመት አማካይ ማለት፣ ሠራተኛው በአሁኑ ዋጋ እየገዛ በድሮው ደመወዝ ይጦር ማለት ነው።

እስካሁን የጻፍሁት ዕዳ የሌለበትን ሰው ይመለከታል። ዕዳ ያለበትን ሰው ጨምረን እንየው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በአንድ ጊዜ ከሠራተኛው ላይ የሚቆረጠው ድምር ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ስለ መንግሥት ሠራተኞች በወጡት አዋጆችም ይኸው የሲሶ ወሰን ይታወቃል። ሕግ አውጪው ሰው ዕዳውን እየከፈለም መብላት እንዳለበት አስቦ ያስቀመጠው ወሰን ነው፤ መልካም ወሰን ነው። የ16,000 ብር ሲሶ 5,333 ብር ነው። አበዳሪው የሚያየው ይህንን ነው፤ «ደመወዝህ ይሸከማል» ይልና ያስፈርማል። የብድሩ ዘመን ከጡረታ በኋላ ሁለት ዓመት የሚዘልቅ ቢሆንስ? ከ6,050 ብር ላይ 5,333 ብር ሲነሣ የሚቀረው 717 ብር ነው። በዚህ ገንዘብ ቆሰበር ውስጥ አንድ ቤተሰብ የሳምንት አስቤዛውን አይሸፍንም።

አብዛኛው አበዳሪ ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ብድሩ ከጡረታ በፊት እንዲያልቅ ወይም ዋስ እንዲቀርብ ያደርጋል። ዋሱ ማን ነው? ጎን ለጎን የምንሠራ ባልደረባ ነው። መሥሪያ ቤቱ «ተበዳሪው ባይከፍል ከዋሱ ደመወዝ እቆርጣለሁ» ብሎ የዋስትና ደብዳቤ ይጽፋል። ተበዳሪው ጡረታ ወጥቶ ወደ ገጠር ሲመለስ ቀሪው ዕዳ የዋሱ ፔሮል ላይ ይወጣል። ይህን ያየሁት በቅርብ በማውቃቸው ሰዎች ላይ ነው። ሃያ ዓመት በአንድ እድር የኖሩ፣ ልጆቻቸውን በክርስትና ያገናኙ ሁለት ሰዎች ዛሬ በአንድ መንገድ አይሄዱም። ጡረተኛው ሊያታልል አስቦ አልነበረም፤ ዋሱም ክፉ ሰው አይደለም። ሁለቱም ሲፈርሙ የጡረታው ቁጥር አልተነገራቸውም ነበር።

ለሦስታችሁም በአንድ ደብዳቤ የጻፍሁበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ባንኩንና ማይክሮ ፋይናንሱን ብሔራዊ ባንክ ይቆጣጠራል። የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ይመራሉ፤ የሚከታተሏቸው ኮሚሽኑና በየደረጃው ያሉ የኅብረት ሥራ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። የጡረታውን መዋጮና ስሌት ማኅበራዊ ዋስትና ይይዛል። ደመወዜ ግን አንድ ነው። ከአንዱ ደመወዝ ላይ የማኅበሩ ብድር፣ የባንኩ ብድር፣ የዋስትናው ግዴታ፣ አንዳንዴም በዘመቻ የሚጠየቀው መዋጮ ይወጣል። እያንዳንዱ የራሱን ሲሶ ይቆጥራል እንጂ የሌላውን አያይም። በፈቃዱ የፈረመው ነው እየተባለ ድምሩ የሕጉን ወሰን ሲያልፍ «በቃ» የሚል አካል የለም።

ስለ ወለድም አንድ ነገር ላንሣ፤ የመሐል ዕድሜ ሰው ጥሪቱን የሚያጣበት ቀዳዳ እዚህ አለ። ለአንድ ሰው 200,000 ብር በ15 በመቶ ለአምስት ዓመት ተሰጠው እንበል። ወለዱ በየወሩ በሚቀረው ዕዳ ላይ ከታሰበ የወር ክፍያው 4,758 ብር ገደማ፣ ጠቅላላ የሚከፍለው 285,500 ብር ገደማ ነው። ወለዱ እስከ መጨረሻው ድረስ በመነሻው 200,000 ብር ላይ ከታሰበ ግን የወር ክፍያው 5,833 ብር፣ ጠቅላላው 350,000 ብር ይሆናል። ሁለቱም ውሎች ላይ የሚጻፈው «15 በመቶ» ነው። ልዩነቱ ከ64,000 ብር በላይ ነው፤ ይህ ከላይ በጠቀስሁት የ6,050 ብር ጡረታ ከአሥር ወር አበል በላይ ማለት ነው። በሠላሳ ዓመቱ የተበደረ ሰው ይህን ስሕተት የሚያርምበት ጊዜ አለው። በሃምሳ ሁለት ዓመቱ የተበደረ የለውም።

ክቡራን፣ «ለጡረታ ከደመወዝ ውጭ ሌላ ገቢ አስቡ» የሚል ምክር ብዙ ጊዜ እንሰማለን። በዞናችን ያላሰበ ሰው አልነበረም። ፋግታ ለኮማና በአካባቢው ባሉ ወረዳዎች ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ከጤፍ ጋር አብሮ ይተክላል፤ ጤፉን አጭዶ ዛፉን በአራትና በአምስት ዓመት ቆርጦ ከሰል ያከስላል፤ መሬቱን አሳርፎ እንደገና ያርሳል። ከዚህ ዞን የሚወጣው ከሰል በመኪና ተጭኖ ሩቅ ከተማ ድረስ ይሄድ ነበር። ስንት የተራቆተ አሲዳማ መሬት በዚህ ዛፍ እንዳገገመ የእንጅባራን መንገድ የተጓዘ ሁሉ ያየው ነው። የከተማው ሠራተኛም ከወላጆቹ በደረሰው ማሳ ላይ፣ ወይም ከገጠር ወንድሙ ጋር በእኩል፣ ዲከረንስ መትከልን የጡረታ ዕቅዱ አደረገ። ስሌቱ ቀላል ነበር፤ በሃምሳ አምስት ዓመት የተተከለ በስድሳ ይቆረጣል። እኔም ባለቤቴም ያሰብነው ይህንኑ ነበር፤ የብድራችን የመጨረሻ ክፍያ ከከሰሉ ሽያጭ እንዲወጣ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ቅጠሉን እንደ ዝገት የሚያጠቃ የፈንገስ በሽታ ገብቶ ዲከረንሱን እያደረቀው ነው። ሳይደርስ የሚቆረጠው ብዙ ነው፤ ችግኙም ከመደብ ሳይወጣ ይሞታል። ገበሬው ወደ ባሕር ዛፍ፣ ወደ ድንችና ወደ ገብስ እየተመለሰ ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው የከተማ ሠራተኛ ግን ሌላ ዛፍ ተክሎ እንደገና ለዓመታት የሚጠብቅበት ዕድሜ የለውም። ዛፉ ሲታመም ለብዙ ቤተሰብ የቀረው ብቸኛ ተስፋ የጡረታ አበሉ ሆነ፤ ቁጥሩን ማወቅ ከምንጊዜውም በላይ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

በዚህ ላይ በክልላችን ያለፉት ዓመታት የሰላም እጦት አለ። መንገድ ሲዘጋ፣ ባንክ ሲዘጋ፣ ደመወዝ በወቅቱ ያልደረሰባቸው ወራት ነበሩ። ደመወዙ ዘግይቶ ሲገባ የብድሩ ክፍያም ይዘገያል፤ የዘገየው ክፍያ ደግሞ ቅጣት ይታሰብበታል። ሠራተኛው ያላዘገየውን ሠራተኛው ይቀጣበታል። አበዳሪውን ስጠይቅ «ውሉ ላይ የተጻፈ ነው» ተባልሁ። የተጻፈ መሆኑን አልካድሁም። ሠራተኛው ሊቈጣጠረው በማይችለው ምክንያት ደመወዝ ሲዘገይ ቅጣቱ እንዲቀር የሚል አንድ መስመር ግን ውሉ ላይ ሊጨመር ይችል ነበር።

ጡረታን አስቀድሞ መናገር አዲስ ነገር አይደለም። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ለዜጎቿ በየዓመቱ በብርቱካናማ ፖስታ የጡረታ መግለጫ ትልካለች፤ እስከ ዛሬ የተጠራቀመው ይህን ያህል ነው፣ ስትወጣ የምታገኘው ግምት ይህን ያህል ነው የሚል። እኛ ስዊድን አይደለንም። ነገር ግን የመንግሥት አገልጋዮች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209/1955 ከወጣ ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ ለጡረታ አዲስ ሀገር አይደለንም። ዛሬ የመብራት ሂሳብ በቴሌብር ይከፈላል፤ ባንኩ ከሂሳባችን መቶ ብር ሲወጣ በስልክ መልእክት ይነግረናል። ደመወዙ 16,000 ብር ከሆነ ሠራተኛ 7 በመቶ፣ ማለትም 1,120 ብር፣ ከመንግሥት 11 በመቶ፣ ማለትም 1,760 ብር፣ በጠቅላላው 2,880 ብር በየወሩ ለጡረታ ይገባል። በስሙ ይህን ያህል ገንዘብ ለሚገባ ሰው በዓመት አንድ መልእክት መላክ ከአቅም በላይ አይመስለኝም።

መግለጫው ሌላም ጥቅም አለው። የአገልግሎት ዘመን የሚቆጠረው በግል ማኅደር ውስጥ ባለው ማስረጃ ነው፤ ዕድሜም የሚያዘው መጀመሪያ ሲቀጠር በተሞላው ቅጽ ላይ እንደተጻፈው ነው። ከወረዳ ወረዳ የተዘዋወረ መምህር ወይም የጤና ባለሙያ ከማኅደሩ ውስጥ የሁለት ዓመት የቅጥር ደብዳቤ ጎድሎ የሚገኘው ጡረታ ሊወጣ ሲል ነው። ያኔ ጽሕፈት ቤቱ ተዛውሯል፣ መዝገብ ቤቱ ፈርሷል፣ የፈረመው ኃላፊም በሕይወት የለም። በሃምሳ ዓመቱ ቢነገረው ግን ምስክርም ማስረጃም ፈልጎ ለማስተካከል አሥር ዓመት ነበረው። ሁለት ዓመት መጉደል 2.5 በመቶ ነው፤ ዕድሜ ልክ የሚቀጥል ጉድለት ነው።

ስለዚህ ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደርን የምጠይቀው፣ ሃምሳ ዓመት ለሞላው ሠራተኛ ሁሉ በየዓመቱ የተቆጠረለትን የአገልግሎት ዘመን፣ የተመዘገበለትን የልደት ዘመንና አሁን ባለው ደመወዝ የሚያገኘውን የጡረታ ግምት በጽሑፍ ወይም በስልክ መልእክት እንዲያሳውቅ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማድረስ ካልተቻለ ከሃምሳ አምስት ዓመት በላይ ካሉት ይጀመር። ሁለተኛ፣ የሦስት ዓመቱ አማካይ ስሌት ጠቅላላ የደመወዝ ማሻሻያ ከተደረገ በኋላ ባሉት ሦስት ዓመታት ለሚወጡ ሠራተኞች እንዲታይ፣ ቢያንስ ከማሻሻያው በፊት የነበሩት ወራት በአዲሱ ስኬል ተመዝነው እንዲታሰቡ የማሻሻያ ሐሳብ ለሚመለከተው አካል እንድታቀርቡ እጠይቃለሁ። ገንዘብ እንደሚያስወጣ አውቃለሁ፤ ለፈንዱ ዘላቂነት መጨነቃችሁም ተገቢ ነው። ነገር ግን ወጪው ማንም ላይ አያርፍም ማለት አይቻልም፤ ዛሬ እያረፈ ያለው በጡረተኛውና በዋሱ ላይ ነው።

ብሔራዊ ባንክንና የኅብረት ሥራ ኮሚሽንን የምጠይቀው ደግሞ አንድ ላይ ተቀምጣችሁ እንድትመክሩ ነው። ዕድሜው ከሃምሳ በላይ ለሆነ ደመወዝተኛ ብድር ሲሰጥ የጡረታ ግምቱ ከውሉ ጋር ይያያዝ። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ይሁን በመነሻው፣ ጠቅላላ የሚከፈለው ብር ስንት እንደሆነ በውሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በጉልህ ይጻፍ። ዋስ የሚሆነው ሰውም ያንኑ ገጽ አንብቦ ይፈርም። ከአንድ ደመወዝ ላይ የሚቆረጠው ሁሉ ተደምሮ ከሲሶ እንዳያልፍ የሚያየው አንድ አካል ይሰየም፤ በእኔ እምነት ይህን በቀላሉ ሊያደርገው የሚችለው ፔሮሉን የሚያዘጋጀው መሥሪያ ቤት ነው። ደመወዝ በመዘግየቱ ምክንያት የሚታሰብ ቅጣት ይቅር።

በዞናችን ያላችሁ የሥራ ባልደረቦቼም ይህን ደብዳቤ የምታነቡ ከሆነ፣ መሥሪያ ቤታችሁ የሰው ሀብት ክፍል ገብታችሁ ማኅደራችሁን አስወጡ፤ የቅጥር ደብዳቤያችሁንና የልደት ዘመናችሁን አረጋግጡ፤ ስሌቱንም ከላይ እንዳስቀመጥሁት ራሳችሁ ሥሩት። መግለጫው እስኪመጣ ድረስ ማንም አይከለክላችሁም።

ክቡራን፣ ከሦስት ዓመቱ አማካይ ስሌት በቀር ከላይ የዘረዘርሁት ሁሉ አዲስ በጀት ወይም አዲስ መሥሪያ ቤት የሚጠይቅ አይደለም፤ አብዛኛው በመመሪያ የሚያልቅ ነው። ሊደረግ የማይችል ካለ የማይቻልበትን ምክንያት፣ የሚቻለውን ደግሞ የሚጀመርበትን ጊዜ ለሠራተኛው በይፋ እንድታሳውቁን በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ምላሻችሁንም እጠብቃለሁ።


ከአዊ ዞን የመንግሥት ሠራተኞች አንዱ
ቆሰበር፣ 2018 ዓ.ም.